ጥያቄና መልስ፦ የእርሻ ሠራተኛና የካሊፎርኒያ የሙቀት ሕግ

(ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የፌዴራል ሕግ እያለ ስቴቶቹ ለምን የራሳቸውን ያወጣሉ?

መልስ፦ ፌዴራሉ የእርሻ ሠራተኛን ገሸሽ ስላደረገው ነዋ። የ1935ቱ የመደራጀት ሕግ አላካተተውም። የ1938ቱ የሥራ ሰዓት ሕግም እስከ ዛሬ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አያስገኝለትም። በዚያ ላይ ሠራተኛው ከአሥር የማይበልጥና የሠራተኛ ካምፕ የሌለው እርሻ የሥራ ደኅንነቱ በፌዴራል ገንዘብ እንዳይፈተሽ ኮንግረስ በየዓመቱ በበጀት ሕጉ ላይ ይደነግጋል።

ጥያቄ፦ የካሊፎርኒያው ምን ይላል?

መልስ፦ በ2005 በጋ ሠራተኞች በሙቀት ሲሞቱ ነው የወጣው፤ ከቤት ውጭ ለሚሠሩ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ለአንድ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ውሃ፣ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ጥላ፤ 35 ሲደርስ ደግሞ ለእርሻ ሠራተኛ በየሁለት ሰዓቱ 10 ደቂቃ ዕረፍት። አዲስ ገቢውን ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ 14 ቀን ይከታተሉታል። እኔ የምወደው ቁጥሩን ነው። «በቂ ዕረፍት» ቢባል ኖሮ ካቦው እንደፈለገ ይተረጉመው ነበር።

ጥያቄ፦ የሚከፈለን በለቀምነው ሳጥን ቁጥር ነው። ስናርፍ ገንዘባችን አይቀርም?

መልስ፦ አይቀርም። ከ2016 ጀምሮ የዕረፍቱ ደቂቃ ከሳጥኑ ሒሳብ ተለይቶ መከፈል አለበት። የክፍያ ወረቀታችሁ ላይ ለብቻው ካልሰፈረ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውንስ ሕጉ ይመለከተዋል?

መልስ፦ ይመለከተዋል። ሲያመለክትም ስሙ በምስጢር ይያዛል።

ጥያቄ፦ ሕግ ግን በእውነት ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ እጀታዋ ያጠረችውን መኮትኮቻ ልንገርህ። ሰላጣና የስኳር ቀይ ሥር ሲኮተኩቱ ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ይውሉ ነበር፤ ወገባቸው ተበላሸ። ካቦዎቹ ግን ወደዷት፦ ቀና ያለ ሰው ከሩቅ ስለሚታይ ማን እንዳረፈ ወዲያው ያውቃሉ። በ1975 ከስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ታገደች፤ ቀረችም። ይህን ለመቆጣጠር ማሳው ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል። የሙቀት ሕጉን የጣሰ ግን ተቆጣጣሪው በዚያው ሰዓት እዚያው ካልተገኘ አይያዝም፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሌሎቹ ስቴቶች?

መልስ፦ ከ2021ዱ ከባድ ሙቀት በኋላ ኦሪገን የሙቀት ደንብ አወጣች፤ ዋሺንግተንም የነበራትን አጠነከረች። ፍሎሪዳ ግን በ2024 ካውንቲዎች የራሳቸውን የሙቀት ደንብ እንዳያወጡ ከለከለች። ይገርማል፣ ያቺን በመሰለች ሞቃት አገር!

ጥያቄ፦ ውሃው መኪናው ጋ፣ እኛ ማሳው ማዶ ብንሆንስ?

መልስ፦ ደንቡ በተቻለ መጠን አጠገባችሁ ይሁን ይላል። ርቀቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያዙ፣ ከዚያ ለስቴቱ የሥራ ደኅንነት ቢሮ ደውሉ። አስተርጓሚ ጠይቁ።