ክረምቱን ተቀምጦ አልዞር ያለ የውሃ መሳቢያ ሞተር

ጥያቄ፦ ሽንኩርት የማጠጣበትን ባለ ቤንዚን የውሃ መሳቢያ ሞተር ክረምቱን ሳልነካው አስቀምጬው ነበር። አሁን የማስነሻ ገመዱ ጨርሶ አልሳብ አለኝ። በጉልበት ልሳበው ወይስ ላስፈታው? (ከፎገራ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በጉልበት አይሳቡት፤ ገመዱ ይበጠሳል እንጂ የተጣበቀው አይላቀቅም። አስቀድሞ የተያዘው ሞተሩ ይሁን ፓምፑ መለየት አለበት፤ ይህ ሳይታወቅ ደኅና ሞተር ማስፈታት ከንቱ ወጪ ነው። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ነቅለው ገመዱን በቀስታ ይሞክሩ፤ ውሃ ፊጭ ብሎ ወጥቶ ከዞረ፣ ፒስተኑን ያገደው ሲሊንደሩ ውስጥ የገባ ውሃ ነው። ካልዞረ የፓምፑን ክዳን ከፍተው፣ ውሃ የሚገፋውን ተሽከርካሪ ከቤቱ ጋር ያጣበቀውን ዝገትና ደለል ጠርገው ያላቅቁት።

ተሽከርካሪው ነፃ ሆኖ ሳለ ሞተሩ አሁንም ካልዞረ፣ ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) በዝገት ከሲሊንደሩ ጋር ተያይዟል ማለት ነው። ናፍታና የካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅለው በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ያፍስሱበትና ቢያንስ አንድ ሌሊት ይተዉት፤ ዘልቆ የሚገባው በዝግታ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቀን መታገሥ የተሻለ ነው። ከዚያ የቮላኖውን (ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ አካል) ዳዶ በቁልፍ ይዘው በሚጠብቅበት አቅጣጫ በስሱ ይግፉት፣ ቮላኖውን በእጅ መልሰው ደግሞ ይግፉት፤ ፒስተኑ አሉሚኒየም ስለሆነ በመዶሻ ፈጽሞ አይምቱት። ሲላቀቅ ካንዴላው እንደተነቀለ፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍነው ገመዱን በመሳብ ፈሳሹን ያስወጡ። የሞተሩንም ዘይት ሳይቀይሩ አያስነሱ፤ ናፍታው በፋሻው በኩል ወርዶ ዘይቱን አቅጥኖታል።