ጥያቄና መልስ፦ ከእርጥብ አልጌ ባዮዲዝል

በኩሬ ላይ የሚንሳፈፍ አረንጓዴ ነገር ሁሉ ለነዳጅ ይሆናል ወይ?

አይሆንም፤ ባዮዲዝል ዘይት ከአልኮል ጋር ተዋህዶ የሚሠራ ነዳጅ በመሆኑ፣ የሚፈለጉት እንደ ክሎሬላና ናኖክሎሮፕሲስ ያሉት፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚለዩት፣ በሕዋሳቸው ዘይት የሚያከማቹ ዝርያዎች ናቸው።

አንድ አንባቢ አልጌውን አድርቆ ዘይቱን ማውጣት እየተቻለ ተመራማሪዎች በእርጥቡ የሚደክሙት ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል።

ይህ ጥያቄ የጉዳዩ ሥር በመሆኑ በስሌት ልመልሰው። በክፍት ኩሬ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዘው ደረቅ አልጌ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ግራም በታች ነው። ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ ተሽከርክሮ እንደ ሊጥ ሲወፍር እንኳ አምስት እጅ ቢከፈል አራቱ እጅ ውሃ ስለሚሆን፣ ከ1 ኪሎ ደረቅ አልጌ ጋር 4 ኪሎ ውሃ አለ። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን ወደ 2.3 ሜጋጁል ሙቀት ስለሚያስፈልግ፣ ለአራቱ ኪሎ ከ9 ሜጋጁል በላይ ይወጣል። ከደረቁ አልጌ ሩቡ ዘይት ቢሆን የሚገኘው 250 ግራም ያህል ባዮዲዝል ሲቃጠል የሚሰጠው ኃይልም ከ9 ሜጋጁል እምብዛም አይበልጥም። ማድረቂያው ብቻውን ነዳጁን በላው ማለት ነው፤ የፓምፑ፣ የሴንትሪፊዩጁና የማዳበሪያው ወጪ ገና አልተቆጠረም። «ፀሐይ ታድርቀው» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ይህ ሰፊ ቦታና ብዙ ጊዜ ይጠይቃል፣ በመሃሉም የሕዋሱ ኢንዛይሞች ዘይቱን ያበላሹታል። ስለዚህ ተስፋዬን የጣልሁት ሊጡን ሳያደርቁ ከአልኮልና ከአሲድ ጋር በቀጥታ በሚያዋህደው ዘዴ ላይ ነው። በ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማና ከዚያም በላይ፣ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራው ሌላው ዘዴ የሚሰጠው ድፍድፍ ዘይት እንጂ ባዮዲዝል ስላልሆነ፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ መጻፍ ይቅር።

ናይትሮጅን ቢነፈገው ዘይቱ ይጨምራልን?

በመቶኛ ይጨምራል፤ ዕድገቱ ግን ይቀንሳል። መቶኛውን ትተው በቀን የሚገኘውን የዘይት መጠን ይለኩ፤ ለየዝርያው የሚስማማውን የአልጌ ባለሙያ ይነግርዎታል።

ሌላ አንባቢ እርጥብ አልጌን ሜታኖል ከሚባለው አልኮልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር በቤታቸው ቢቀላቅሉ አረፋ ብቻ እንደሆነባቸው ጽፈዋል።

የሠሩት ሳሙና ነው። ውሃ ባለበት ኮስቲክ ሶዳ ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ለእርጥብ አልጌ ሰልፈሪክ አሲድ የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ አሲዱን ገዝተው እንዳይሞክሩ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ሜታኖል በትንፋሽም በቆዳም ገብቶ ይመርዛል፣ ዓይን ያሳውራል፤ እሳቱም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። የጀመሩትን ያቁሙ፤ የተረፈውንም ወደ ፍሳሽ ሳይደፉ ኬሚስት ያማክሩ፤ ሙከራውንም የአየር መምጠጫ ባለው ቤተ ሙከራ፣ ባለሙያው አጠገብዎ ቆሞ ብቻ ይቀጥሉ።