ወንዝ የገባ እንግዳ ዓሣ፦ ብርብራ አይበትኑበት

ጥያቄ፦ «ከባሶና ወራና ወረዳ ነው የምጽፍልዎ። ከማሳዬ ግርጌ የምታልፈው ወንዝ ወደ ጀማ ከሚገቡት አንዷ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ከእኛ በላይ ያሉ ሰዎች ኩሬ ቆፍረው ዓሣ ማርባት ጀምረው ነበር፤ በክረምት ጎርፍ መጣና ግድቡን ደረመሰው። ካለፈው ዓመት ወዲህ የልጅ ልጆቼ በመንጠቆ የሚያወጡት ዓሣ የድሮው አይደለም። ወፍራም ነው፣ ቅርፊቱ ትልልቅ ነው፣ ወርቅማ ነው፣ አፉ ዳር ሪዝ አለው። ውሃውም በበጋ እንኳ አልጠራ አለ፤ ከብቶቻችን እየተጸየፉ ነው የሚጠጡት። የሰፈሩ ወጣቶች ዓሣ የሚገድለውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ከቆላ አስመጥተን በትነን እንጨርሰው ይላሉ። እኔ ፈራሁ። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ አባቴ፣ መፍራትዎ ትክክል ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ ወጣቶቹን ዛሬውኑ ያናግሯቸው፣ ብርብራው ወንዝ እንዳይገባ። የቀረውን እንመካከርበታለን፤ ለእሱ ጊዜ አለን።

በገለጹልኝ መልክ ዓሣው ካርፕ የሚባለው ከውጭ አገር የመጣ የኩሬ ዓሣ ሳይሆን አይቀርም። ሪዙና ቅርፊቱ ብቻ ግን አያስተማምኑም። በብዙ ቦታ ቢልጫ ወይም ነጭ ዓሣ የሚባለው የእኛው የወንዝ ዓሣም በአፉ ዳር ሁለት ጥንድ ሪዝ አለው፣ ቅርፊቱም ትልልቅ ነው፣ ሲያድግ ወርቅማ ቀለም ያወጣል። ሰው ባለማወቅ የራሱን ወንዝ ዓሣ እንግዳ ነው ብሎ እንዳይጨርሰው እሰጋለሁ። የሚለዩበት ቦታ ጀርባቸው ነው። አንዱን ሲይዙ የጀርባ ክንፉን በጣትዎ ገልጠው ያቁሙት። የካርፕ ክንፍ ከጀርባው መካከል ተነሥቶ ወደ ጅራቱ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ የፊተኛው እሾህ ደግሞ በኋላ ጎኑ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ ጣት ሲያሳልፉበት ይቧጥጣል። የቢልጫ ክንፍ አጭር ነው፣ ቁመቱም ስፋቱም ተቀራራቢ፤ እሾሁም ጠንካራ ቢሆን ጥርስ የለውም። አምባዛ ቢሆን ኖሮ ጭራሹን ቅርፊት አይኖረውም ነበር።

ስለ ውሃው መደፍረስም እንዲሁ ይመርምሩ። በክረምት የሚደፈርስ ወንዝ የአፈር መሸርሸር ምልክት ነው፤ ለዚያ ዓሣ አይከሰስም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን ዝናብ ሳይጥል፣ ከብት ሳይረግጠው፣ ገና በማለዳ ሄደው ሲያዩት ውሃው ሻይ በወተት የመሰለ ከሆነ፣ ከሥሩም አረፋ እየተነሣ ጭቃው እንደ ጢስ ሲቦለቦል ካዩ፣ ያ የካርፕ ሥራ ነው። ካርፕ የሚበላው ከወለል ነው። ጭቃውን በአፉ ይምጋል፣ ትሉንና ሥሩን ያስቀራል፣ አፈሩን መልሶ ይተፋል። ቀን ከሌት ይህንኑ ይሠራል። የውሃ ውስጥ ሣር ይነቀላል፣ ከሣሩ የሚጠለሉ ጫጩቶች መደበቂያ ያጣሉ። የእኛው ቢልጫ ደግሞ እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው፤ ደለል ጠጠሩን ሲያለብሰው እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ካርፑ ቢልጫን አንድ በአንድ እየዋጠ አይደለም የሚያጠፋው፤ ቤቱን ነው የሚያፈርስበት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ካርፕ ከወንዝ ይወጣልን? እውነቱን ልንገርዎ፣ ወንዝ ውስጥ የተራባን ካርፕ ጨርሶ ማውጣት በዓለም ላይ እጅግ ጥቂቶች የተሳካላቸው ሥራ ነው። በአውስትራሊያ ሙሬይ ዳርሊንግ በሚባለው ታላቅ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ1974 የደረሰ ጎርፍ ካርፑን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ዛሬ በዚያ ተፋሰስ በብዙ ስፍራ ከዓሣው ሁሉ ክብደት 80 በመቶና ከዚያ በላይ ካርፕ ነው። ገንዘብና እውቀት አጥተው አይደለም። በዚያው አገር በታዝማኒያ ደሴት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ካርፕ በሁለት ሐይቆች ተገኘ። ወዲያው መውጫቸውን በወንፊት ዘጉት። በሆዳቸው ትንሽ ራዲዮ የተቀበረላቸው ወንድ ካርፖች ለቀቁና ሌሎቹ ወደሚሰበሰቡበት ተከትለው ሄዱ፤ እንቁላል የሚጥሉበትን ዳርቻ በመረብ አጠሩ። ከትንሹ ሐይቅ የመጨረሻው ካርፕ የወጣው በ2007 ነው። 12 ዓመት ሙሉ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ሐይቅ ደግሞ ከዚያም እጅግ የረዘመ ጊዜ ፈጀ። ያውም ዳር ድንበሩ የታወቀ ሐይቅ ነው። ወንዝ ዳር የለውም፤ ዛሬ ያጸዱትን ነገ ጎርፍ ከላይ ያመጣልዎታል።

እምቦጭ ጣና ላይ ሲታይ ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል፣ ሆኖም አረሙ ተመልሶ በቀለ። እምቦጭ እንኳ በዓይን ይታያል። ዓሣ ግን ስንት እንደቀረ ከላይ ሆኖ የሚቆጥረው የለም። አንዲት እናት ካርፕ በየኪሎ ክብደቷ 100 ሺህና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ግማሹን ብናወጣ ለቀረው ግማሽ ምግቡ ስለሚበዛ ፈጥኖ ይወፍራል፣ ፈጥኖም ይተካል። አንድ በጋ ተሠርቶ የሚተው ዘመቻ ድካሙ ለከንቱ የሚሆነው በዚህ ነው።

ለእርስዎ አካባቢ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፤ ብርዱ። ካርፕ ቅዝቃዜን ችሎ ይኖራል፤ ለመራባት ግን ውሃው ከ17 ወይም 18 ዲግሪ በላይ ሊሞቅለት ይገባል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ በእናንተ ቀበሌ ዓሣው በዓመት የሚራባባት ጊዜ አጭር ናት፤ ምናልባትም ከመጋቢት እስከ ሰኔ። የሚያሳስበኝ ታች ያለው ነው። ወንዝዎ ገደሉን ወርዶ ጀማ ሸለቆ ሲገባ ውሃው ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ ይረጋል። ፏፏቴ ከታች የሚመጣን ዓሣ ያግዳል፤ ከላይ የሚወርደውን ግን አያግድም። እናንተ ደጋ ላይ ያላስቆማችሁትን ለመርሐቤቴና ለእንሳሮ ሰው ትልኩለታላችሁ፤ ከዚያም ዓባይ ነው።

ስለ ብርብራው የፈሩት በቂ ምክንያት አለው። የብርብራ ፍሬ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለው፤ በሌሎች አገሮችም እንግዳ ዓሣ ለማጥፋት የሚያገለግለው ይኸው መርዝ ነው። ወጣቶቹ መነሻቸው ከአየር አይደለም፣ አትሰድቧቸው። ነገር ግን መርዙ በዓሣ ስንጥብ ገብቶ ሰውነቱ በአየር እንዳይጠቀም ያደርገዋል፤ ካርፕና ቢልጫ አይለይም፣ ድንጋይ ላይ ተለጥፋ የምትኖረውን ትንሿን ዓሣ አይምርም፣ የእንቁራሪት ልጆችንና የውሃ ነፍሳትን ይፈጃል። እንቁላል ደግሞ ከዓሣው ይልቅ መርዙን ይቋቋማል። ተፎካካሪ በሌለበት ባዶ ወንዝ ውስጥ ቀድሞ የሚፈለፈለው ማን ይመስልዎታል? በሠለጠነ እጅ የሚሠሩት አገሮች አስቀድመው የውሃውን መጠን ይለካሉ፣ ከታች መርዙን የሚያረክስ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ያፈሳሉ፣ አገር በቀሉን ዓሣ ቀድመው አውጥተው ያቆያሉ። በጆንያ ተሸክሞ የሚበትን ሰው ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም። አዋጅ ቁጥር 315/1995ም በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል። ከሁሉ በላይ ግን ያ ውሃ ከብት ይጠጣዋል፣ ከታች ሴቶች በእንስራና በጀሪካን ይቀዱታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ምንጩ ይደፈን። የፈረሰው ኩሬ ዛሬም ውሃ ከያዘ ዓሣ አለበት፤ እሱ እያለ ወንዙን ማጽዳት የተበሳ እንስራ መሙላት ነው። ከባለቤቶቹ ጋር በሽማግሌ ተነጋገሩ። ጥር ወይም የካቲት ላይ ውሃው ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ ማሳ ይለቀቅ፤ የዓሣ ኩሬ ውሃ ለድንችና ለነጭ ሽንኩርት ጥሩ ማዳበሪያ ነው። መውጫው ላይ ጠባብ የሽቦ ወንፊት ይታሰር። ወለሉ ፀሐይ መቶት እስኪሰነጣጠቅ ይደር፤ ውሃ የቋጠሩ ጉድጓዶች ላይ ኖራ ይበተን። በእነዚያ ሰዎች ላይ ቂም አይያዙባቸው። በሥራ ዘመኔ አንድ ወረዳ ውስጥ እኔው ራሴ ቆሜ ጫጩት ያከፋፈልኩባቸው ኩሬዎች ነበሩ። መውጫቸው ወንፊት አልነበረውም፣ ግድባቸውም ከጎርፉ ከፍታ በላይ አልተሠራም፤ ማናችንም ተመልሰን አላየናቸውም። ገበሬው የተሰጠውን ነው የተቀበለው።

ቀጥሎ ወንዙ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ውሃው ጎድሎ ዓሣው በየጥልቁ ኩሬ ይሰበሰባል። በዓመት ውስጥ እጃችሁ ከዓሣው የሚበልጠው ያኔ ብቻ ነው። ሁዳዴም በዚሁ ወቅት ስለሚውል ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። በሚጎተት መረብ ኩሬውን ከዳር ወደ ዳር ይጥረጉት፤ ከመረቡ ያወጡትን አንድ በአንድ ጀርባውን እያዩ ካርፑን ያስቀሩ፣ ቢልጫውን በርጥብ እጅ ወደ ውሃው ይመልሱ። ማታ ተተክሎ የሚያድር መረብ አይጠቀሙ፤ ሁሉንም አንቆ ነው የሚገድል። ትንሹንም ካርፕ አይልቀቁ፤ ትልልቁን ብቻ መርጦ መውሰድ ለትንንሾቹ መንገድ መጥረግ ነው።

ሌላም አንድ ዘዴ አለ፣ ዋጋው ጉልበት ብቻ ነው። ካርፕ እንቁላሉን የሚጥለው ጥልቀት በሌለው ዳር በሰመጠ ሣር ላይ ነው፤ እንቁላሉም ከሣሩ ጋር ይጣበቃል። ውሃው መሞቅ ሲጀምር፣ በበልግና በክረምት መግቢያ፣ ከዳር ሣሩ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይሰማሉ። እዚያ የጥድ ቅርንጫፍ አስረው በድንጋይ አስምጡለት። በየሁለት ቀኑ ያውጡት፤ ዶቃ የመሰለ እንቁላል ከተጣበቀበት ከወንዙ ርቀው ፀሐይ ላይ ያስጡትና ሌላ ያስምጡ። እንቁላሉ በ3 ወይም በ4 ቀን ሊፈለፈል ስለሚችል ቀን አይዝለሉ። ይህን ልጆችም ሊሠሩት ይችላሉ። እንቁላል የለቀመ ልጅ ብዙ ሺህ ዓሣ ለቀመ ማለት ነው።

የያዙትን ይብሉት። ካርፕ ጥሩ ሥጋ አለው። በሥጋው መካከል የሚሰነቀሩ ቀጫጭን አጥንቶች ስላሉት ብዙ ሰው ይሸሸዋል፤ ጎኑን በስለት በጣም በቀጭኑ እየሰነጠቁ በደንብ በጋለ ዘይት ቢጠብሱት አጥንቱ ይሰባበራል፤ ከትፈው ዱለት ቢሠሩትም ያስኬዳል። ገበያው ላይ ግን ሐሳብ አለኝ። በባቱ ከተማ አጠገብ ባለው በዝዋይ ሐይቅ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ያልነበረው ካርፕ ዛሬ ከአጥማጁ ዋና ዋና መተዳደሪያዎች አንዱ ሆኗል፤ ቆሮሶው እየመነመነ ሄዷል። በዚያ የሚኖሩትን ሰዎች ካርፑን ጥሉት ብል ማን ይሰማኛል? እንጀራቸው ነው። የእናንተ ወንዝ እዚያ ደረጃ አልደረሰም። ካርፕ ጥሩ ገንዘብ ካወጣ ግን «ለምን እኔም ወንዝ አልጨምረውም?» የሚል ሰው መነሣቱ አይቀርም። ስለዚህ ማኅበርም ሆነ ግለሰብ ሲሸጥ የሞተና የተዘረገፈ ብቻ ይሽጥ። በሕይወት ያለ ካርፕ በባልዲም በጀሪካንም ከወንዙ ዳር እንዳይነሣ በቀበሌው ተስማሙበት።

ይህን ደግሜ የምለው ስለ መልክዓ ምድራችን ስል ነው። ጣርማ በር ላይ ቆመው ሲያዩ በምዕራብ የወረደው ዝናብ በጀማ ዓባይ ይገባል፤ በምሥራቅ የወረደው ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ በአዋሽ በኩል አፋር ምድር ላይ ይቀራል። ሁለቱ ውሃዎች አይገናኙም፤ በየራሳቸው የሚኖረው ዓሣም እንዲሁ። አንድ ጀሪካን ጫጩት የጫነ አይሱዙ ግን በአንድ ማለዳ ያገናኛቸዋል።

ወደፊት ዓሣ ማርባት ካሰቡ፣ በእናንተ ብርድ ቆሮሶ አያድግልዎትም፤ ካርፕ ደግሞ ያያችሁት ነው። ጉልበትዎን ለበጉና ለድንቹ ቢያውሉት እመርጣለሁ። ቆላ ያለ ዘመድ ካለዎት ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ከራሱ ተፋሰስ የተገኘ ቆሮሶ ሊረባ ይችላል።

አሁን የምፈልገው ፎቶ ነው። ከሦስትና ከአራት ዓሣ፣ ከጎን በኩል፣ የጀርባ ክንፉ ቆሞ፣ አጠገቡ የእጅዎ መዳፍ ለመጠን ተቀምጦ ይነሣ። ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ይስጡት፤ ዓሣዎቹን በጨው አሽተው ያቆዩለት፣ ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ወይም ሰበታ ወዳለው የዓሣ ምርምር ማዕከል እንዲያደርሳቸው። የትኛው ኩሬ ላይ፣ ከፏፏቴው በላይ ወይስ በታች እንደተያዙ ይጻፍበት። ከፏፏቴው በታች ገና ካልታየ ሥራው ሁሉ የሚጀምረው ከፏፏቴው ጫፍ በላይ ካለው ውሃ ነው፤ መረቡን ይዘው የመጀመሪያውን የሁዳዴ ሳምንት እዚያው ይዋሉ።