አክሲዮን ገዝተን በፖለቲካ የምንጣላው ለምንድን ነው? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰላም ናችሁ? ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ትንንሽ ባለአክሲዮኖች በምንወያይበት ቡድን ውስጥ ሰሞኑን ስለ አክሲዮን ማውራት ትተናል። አንዱ «የትርፍ ድርሻችን ለምን ቀነሰ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው መንግሥትን ሰደበ። ሦስተኛው «አንተ ድሮም ይችን ነው የምትጠብቀው» አለው። ከዚያ ስድድብ ሆነ፣ የትርፍ ድርሻው ነገርም እዚያው ቀረ። እኔ ባንክ ቤት ሒሳብ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቼ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። ጠይቁኝ አልኩ፣ ጠየቃችሁኝ። የማንን ፓርቲ እንደምደግፍ የጠየቃችሁኝን ግን ዘልያችኋለሁ።

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ ጋሼ፣ የትርፍ ድርሻችን የቀነሰው መንግሥት ባንኮቹን አላላውስ ስላላቸው ነው አይደል? ልጆቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት።

ልጆቹ መጀመሪያ ሒሳቡን ቢሠሩት ጥሩ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳደገ፣ ነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 እንዲያሟሉም ጊዜ ሰጣቸው። ስለዚህ ባንኮቹ አዲስ አክሲዮን መሸጥ ነበረባቸው።

አሁን ወረቀት አውጣና አብረን እንሥራ። አንድ ባንክ 2.5 ቢሊዮን የተከፈለ ካፒታል (ባለአክሲዮኖች የከፈሉት ገንዘብ) አለው እንበል፣ በዓመቱ 750 ሚሊዮን አተረፈ። ከትርፉ ላይ የሚያዘውን መጠባበቂያ ለጊዜው ተወው። ባለ 1,000 ብሯ አክሲዮንህ 300 ብር አገኘች ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ካፒታሉ 5 ቢሊዮን ደረሰ፣ ትርፉም አድጎ 1 ቢሊዮን ሆነ። ያችው አክሲዮንህ አሁን የምታገኘው 200 ብር ነው። ባንኩ ከአምናው የበለጠ አተረፈ፣ አንተ ከአምናው ያነሰ ወሰድክ። ሥራ አስኪያጁ መድረክ ላይ ወጥቶ «ታሪካዊ ትርፍ» ይላል፣ አንተ ቤትህ ተቀምጠህ «ዘረፉን» ትላለህ። ሁለታችሁም ያያችሁት አንድ ወረቀት ነው።

መመሪያው ፖለቲካ ነው ካልከኝ እሺ፣ ውሳኔው የመንግሥት ነው። ግን «ጨቆኑን» ከማለትህ በፊት አንድ ነገር ጠይቅ፦ ባንኩ አዲሱን ካፒታል ሰብስቦ ምን ሠራበት? ይሄን የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እኔ የምለው፣ ፖለቲካ የሚያነሳ ሰው ከቡድኑ ለምን አይባረርም? ኢኮኖሚና ፖለቲካ ምን አገናኘው?

ኧረ ተው ወንድሜ! ይሄን ከኮምቦልቻ ሰው አልጠብቅም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ የነበረውን ተስፋ ታስታውሳለህ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ደሴም ኮምቦልቻም በ2014 መጀመሪያ የሆነውን ሆኑ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ፣ አስወጣች፤ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረ ልብስ ቀረጥ ተጣለበት። እዚያ ስፌት ላይ ትሠራ የነበረች ልጅ ፖለቲካ አውርታ አታውቅ ይሆናል፣ ፖለቲካው ግን ደመወዟ ድረስ መጥቷል።

ስለዚህ ማንንም አናባርርም። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ፖለቲካ ወደ ኪሳችን የሚገባበት በር ይታወቃል። አንድ ሁለቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ያየኋቸው ናቸው። ከ2003 ጀምሮ የግል ባንኮች ካበደሩት ላይ 27 በመቶ የሚያህል ገንዘብ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፣ ወለዱም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ2012 ተነሳ፣ ተገላገልን አልን። በ2015 ደግሞ ከአዲስ ብድር 20 በመቶ የሚሆነውን ለአምስት ዓመት የግምጃ ቤት ቦንድ አውሉ ተባሉ። በዚያው በ2015 መጨረሻ የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ ተጣለ፣ በኋላ ወደ 18 ከፍ አለ። ይሄ ሁሉ የሒሳብ መግለጫው ላይ ይታያል፤ የወለድ ገቢው መስመር ላይ፣ የቦንዱ መስመር ላይ።

መከራከር ከፈለጋችሁ እዚህ ላይ ተከራከሩ። «የትኛው መመሪያ? የትኛው መስመር ላይ ጎዳን?» በሉ። ባለሥልጣን በስሙ እየጠሩ መራገም ግን ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ ያለ የታክሲ ረዳትም ይችላል፣ አክሲዮን መግዛት አያስፈልገውም።

ጥያቄ (ከደሴ፣ አራዳ)፦ የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን ሕዝቡ ያልገዛው መንግሥትን ስላላመነ ነው። እውነት ነው ወይስ አይደለም? ባጭሩ መልስልኝ።

ባጭሩ አልመልስልህም፣ ይቅርታ።

ሽያጩ በጥቅምት 2017 ተጀመረ፣ ተራዝሞ የካቲት 7 ተዘጋ። ለገበያ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ማለትም የኩባንያው 10 በመቶ ነው። ዋጋው 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ስለዚህ ከ9,900 ብር በታች ይዘህ አትገባም። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ 3.2 ቢሊዮን ብር መሆኑ ነው። ገዢዎቹ ደግሞ ከ47 ሺህ በላይ ነበሩ።

አሁን ይሄን ቁጥር አንዱ ወገን አንስቶ «ሕዝቡ ፊቱን አዞረ» ይላል፣ ሌላው «47 ሺህ ሰው መተማመኛ ሰጠ» ይላል። ሁለቱም እንደ ምርጫ ውጤት ነው የሚያነቡት። እስቲ እንደ ገዢ እንየው። የአንዷ አክሲዮን መነሻ ዋጋ 100 ብር ሆኖ 300 ትከፍላለህ፤ በዚህ ሒሳብ ኩባንያው በሙሉ 300 ቢሊዮን ብር ያወጣል ማለት ነው። ይወደድ ይርከስ ለማለት ትርፉን በአክሲዮን ቁጥር ማካፈል ነው። የቀረበው ሁሉ ቢሸጥ እንኳ 90 በመቶው መንግሥት ጋ ስለሚቀር አንተና እኔ ተሰብስበን የምናስወስነው ነገር የለም። መሸጥ ብትፈልግ ደግሞ በዚያን ጊዜ ለማን እንደምትሸጥ ግልጽ አልነበረም። እምነት ማጣት የለም አልልም፤ ግን ሰኞ ገበያ ጨርቅ የሚነግድ ሰው 10 ሺህ ብሩን ዕቃ ላይ ቢያውለው በወር የሚያገላብጠውን ያውቃል። እሱን «ተቃዋሚ» አትበሉት፣ ነጋዴ ነው።

ጥያቄ (ከኩርኩር)፦ አክሲዮን ሐላል ነው? ሰዎቹ ሲጣሉ ይሄን የሚመልስልኝ ጠፋ።

እታለም፣ ፈትዋ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ሸኾቹን ጠይቂ። እኔ ማለት የምችለው ወለድ ያለበት የቱ እንደሆነ ነው። የመደበኛ ባንክ ትርፍ ከወለድ ይመጣል፣ «ከወለድ ነፃ መስኮት» ቢኖረውም የዓመቱ ትርፍ ድምር ነው። የግምጃ ቤት ሰነድም ወለድ ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉ፣ ለምሳሌ ዘምዘምና ሒጅራ። ፋብሪካ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚያመርትና ብድሩ ምን ያህል እንደሆነ ታይቶ ነው። ሸኽየው ጋ ስትሄጂ የሒሳብ መግለጫውን ይዘሽ ሂጂ፣ ነገሩ ለእሳቸውም ይቀላል።

ጥያቄ (ከሙጋድ)፦ ከዋርሳዬ ጋር ተኳርፈናል። የራሳችንን ወገን ባንክ ትተህ የሌላ ገዛህ ብሎኝ ነው።

ዋርሳህን ለቡና ጥራውና አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ የማይመለሰው ብድር ከጠቅላላው ብድር ስንት እጅ ነው? ካወቀው የገዛው አስቦ ነው፣ ይባረክ። ካላወቀው የገዛው ስሙን ነው። ወገንን መርዳት ደግሞ መልካም ነው፣ ዕድር አለ፣ ቅርጫ አለ፣ ትምህርት ቤት ማሠሪያ አለ። ባንክ ግን የተበደረው ሰው ሲመልስ ነው የሚያተርፈው፣ የተበዳሪው ዘር ወለድ አይከፍልም። ታረቁ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ዶላር ልግዛ አክሲዮን?

ዶላር በጥቁር ገበያ ከሆነ ሕገወጥ ነው፣ አልመክርህም።

ጥያቄህ ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በጥቂት ሳምንት ከ100 በላይ ወጣ። ቁጠባ ላይ ብሩን ያስቀመጠ ሰው ተቃጠለ። ግን ያን ጊዜ ሁሉም አክሲዮን እኩል አልተጎዳም። ዕቃ ከውጭ አስመጥቶ በብር የሚሸጥ ኩባንያ ተቸገረ፣ የዶላር ዕዳ ያለበት ይብሱን ተቸገረ፣ ኤክስፖርት የሚያደርግ ደግሞ ጠቀመው። ስለዚህ «መንግሥት ብሩን ገደለው» እና «ሪፎርሙ ግድ ነበር» እያላችሁ ሌሊት ስትከራከሩ ከማደር፣ የያዛችሁት ኩባንያ የቱ ውስጥ ነው? ይሄን ብትነጋገሩ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

ጥያቄ (ከሮቢት)፦ ባንክ አስቀምጬ ብተኛስ?

ትንሹ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ተኛ፣ ግን ይሄን እያወቅክ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በጦርነቱ ጊዜ እዚህ ያሉ ቅርንጫፎች ሲዘረፉ የእኛ አክሲዮን ምን ሆነ? ማንም አስረድቶን አያውቅም።

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሰው የሚያስበው የተሰበረውን መስኮትና የተወሰደውን ኮምፒውተር ነው። እሱ ትንሹ ነው፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ ይሸከመዋል። ትልቁ ነገር ብድሩ ነው። መጋዘኑ የተዘረፈበት ነጋዴ ዕዳውን በምን ይከፍላል? መደበኛው የኢንሹራንስ ውል ደግሞ ጦርነትን አይሸፍንም፣ ለፖለቲካዊ አመፅ ለብቻው የገባ ካልሆነ በስተቀር። ባንኩ እንዲህ ላለው ብድር ከትርፉ ላይ መጠባበቂያ ይይዛል፣ በሒሳብ መግለጫው ላይ ለብቻው ይጻፋል። የዚያን ዓመት ሪፖርት ካለህ አውጣና ያንን መስመር ካለፈው ዓመት ጋር አስተያየው፣ ያኔ ስንት እንዳስከፈለን ታያለህ። እኔ የያዝኩትን ባንክ አይቻለሁ፣ ደስ አይልም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ልጄን ልድር ነው፣ አክሲዮኔን መሸጥ እችላለሁ? የአክሲዮን ገበያ ተከፍቷል ሲሉ ሰማሁ።

እንኳን ደስ አለዎት አባባ! ተከፍቷል፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ነው ሥራ የጀመረው፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ግን እዚያ የሚገበያየው የተመዘገበ ኩባንያ አክሲዮን ብቻ ነው፣ የእርስዎ ከተመዘገበ ፈቃድ ባለው አገናኝ በኩል ይሸጣሉ። ካልተመዘገበ መጀመሪያ የባንክዎን አክሲዮን ክፍል ይጠይቁ፣ አሠራሩን ይነግሩዎታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሠርጉ ቀን ከመቆረጡ በፊት ይጀምሩ፣ ገዢ በአንድ ሳምንት አይገኝም። «እኔ ዛሬውኑ ልግዛዎት» ብሎ በግማሽ ዋጋ የሚመጣ አይጠፋም።

ጥያቄ (ከቧንቧ ውሃ)፦ የውጭ ባንኮች ሊገቡ ነው፣ አገሪቱን ሸጧት። አይደለም እንዴ?

አዋጁ በ2017 ጸድቋል። የውጭ ባለሀብቶች ባንድ ላይ ሆነው በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ ውስጥ ከ49 በመቶ በላይ መያዝ አይችሉም። የራሳቸውን ቅርንጫፍና ተቀጥላ ግን መክፈት ይችላሉ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። ትልልቆቹን ደንበኞች፣ ኤክስፖርተሮቹን፣ ፋብሪካዎቹን ነው የሚመጡት ለመውሰድ፤ ኮምቦልቻ ሄደው ለዶሮ አርቢ አያበድሩም። ባንክህ የሚኖረው በጥቂት ትልልቅ ደንበኞች ከሆነ ስጋት ይግባህ፣ በብዙ ትንንሾች ከሆነ ደግሞ ጊዜ አለህ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጠቅላላ ጉባኤው አዲስ አበባ ነው፣ ለትራንስፖርት የማወጣው ከትርፍ ድርሻዬ ይበልጣል። ሄጄ ካልጠየቅኩ መናደድ እንጂ ምን አማራጭ አለኝ?

ውክልና አለ እህቴ። አምስት ስድስት ሆናችሁ አንድ የምታምኑት ሰው ወክሉ፣ የትራንስፖርቱንም አዋጡለት። የውክልናው ቅጽ እስከ መቼ መሞላት እንዳለበት የጥሪው ማስታወቂያ ላይ ይጻፋል፣ ሳይዘጋ ድረሱ። የምትጠይቁትን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፦ የማይመለስ ብድር ስንት ነው፣ ለቦርዱ ስንት ተከፈለ፣ አዲሱ ካፒታል ምን ላይ ዋለ። ቅርንጫፉ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ባዶ ቅጽ አምጥቶ «እዚህ ጋ ብቻ ፈርሚ፣ የተወካዩን ስም እኛ እንሞላዋለን» ካለሽ ግን እንዳትፈርሚ።