በትንሽ ገንዘብ የጊታር ፔዳል መምረጥ፦ ጥያቄና መልስ

የዚህ ዙር ጥያቄዎች በዋጋ ይጀምሩና አብዛኞቹ መጨረሻቸው አዳፕተር ነው። አይገርምም። የብዙ ርካሽ ፔዳሎች (የጊታሩን ድምፅ የሚቀይሩ፣ በእግር የሚረገጡ ሳጥኖች) ሰርኪት ከታወቁት ፔዳሎች የተቀዳ ስለሆነ ድምፃቸው አያሳፍርም፤ ኪስ የሚጎዳው ኤሌክትሪኩ፣ ጃኩና ፔዳሉ የሚሰካበት ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ከጀመረ ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ኢፌክት ካልተገዛልኝ እያለ ነው። ነጠላ ፔዳል ይሻላል ወይስ ሁሉንም በአንድ የያዘው?

መልስ፦ ሁሉንም የያዘውን፣ ማለትም መልቲ ኢፌክቱን ይግዙለት። ልጁ ገና የትኛውን ድምፅ እንደሚወድ አያውቅም። ዛሬ ኮረስ (ድምፁን የሚያወፍረው) ያስደስተዋል፤ ከሁለት ወር በኋላ ዲሌይ (ማሚቶ የሚያሰማው) ያምረዋል። ዓመት ሲሞላው እግሩ የሚሄደው ወደ ሁለት ወይም ሦስት ኢፌክት ብቻ ይሆናል፤ ነጠላ ፔዳል መግዛት ያኔ ነው።

በዚህ የዋጋ ክልል ዙም ጂ1 ፎር ጥሩ ምርጫ ነው። መቃኛ አለው፣ የከበሮ ምት አለው፣ በ4 ኤኤ ድንጋይ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ልምምዱ አይቋረጥም። ጂ1 ኤክስ ፎር የሚባለው ደግሞ ለዋ ዋ (ድምፁን «ዋ» የሚያሰኝ ኢፌክት) እና ለቮልዩም የሚያገለግል ተንቀሳቃሽ የእግር መርገጫ ተጨምሮበታል። ለጎረቤት ሰላም ሲባል ልጁ በጆሮ ማዳመጫ እንዲለማመድ ከፈለጉ የመሣሪያው ቀዳዳ ትልቁ 6.3 ሚሊሜትር ነው፤ የስልክ ማዳመጫ የሚቀበል መለወጫ አብረው ይግዙ።

አንድ ነገር ይንገሩት። ፋብሪካው የጫናቸው ድምፆች በሪቨርብ (የአዳራሽ ዓይነት ማስተጋባት) እና በዲሌይ የታጨቁ ናቸው፤ ሱቅ ውስጥ ያስደንቃሉ፣ ከባንድ ጋር ሲሆኑ ግን ይጠፋሉ። ባዶ ፓች (የድምፅ ማስቀመጫ ቦታ) ከፍቶ አንድ አምፕ (ማጉያ)፣ አንድ ካቢኔት (የስፒከር ሳጥን) እና አንድ ኢፌክት ብቻ አድርጎ ይጀምር።

ጥያቄ፦ አምፕ አለኝ። የመጀመሪያ ነጠላ ፔዳሌ ኦቨርድራይቭ፣ ዲስቶርሽን ወይስ ፈዝ ይሁን?

መልስ፦ ኦቨርድራይቭ። ሦስቱም የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጣሉ፤ ልዩነቱ አቆራረጡ ላይ ነው። ኦቨርድራይቭ ለስለስ አድርጎ ይቆርጣል፣ በቀስታ ስትመታ ይጠራል፣ ስትጫን ይሻክራል። ዲስቶርሽን የበለጠ ጨከን ያለ ነው። ፈዝ ደግሞ ሞገዱን ወደ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያስጠጋዋል፤ በአንድ ክር ለሚጫወት ዜማ ያምራል፣ ሁለት ክር አብረው ሲመቱበት ግን ይደፈርሳል። ትዝታም ሆነ ባቲ ስትጫወት ጣትህ ክሩ ላይ የሚሠራቸውን ጥቃቅን መታጠፎች በደንብ የሚያሰማልህ ኦቨርድራይቭ ነው።

ከ1981 ጀምሮ የሚመረተው ቦስ ኤስዲ-1 ከታወቁት ውስጥ ርካሹ ነው፤ ያገለገለውን ብታገኝም አትፍራ። ጆዮ ቪንቴጅ ኦቨርድራይቭ የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመርን መንገድ የተከተለ፣ ሳጥኑ ብረት የሆነ ፔዳል ነው። ከሁሉም የሚረክሰው ቤሪንገር ቲኦ800 ነው፤ ድምፁ ከዋጋው በላይ ነው፣ አካሉ ግን ፕላስቲክ። ለቤትና ለቀረጻ ይበቃል። በየሳምንቱ መድረክ ላይ ለሚረገጥ ግን ገንዘብ ጨምረህ ብረቱን ውሰድ።

ድራይቩን ሩብ ላይ፣ ቶኑን መሃል፣ ሌቭሉን ሦስት አራተኛ ላይ አድርገህ ጀምር። ብዙዎች ድራይቩን እስከ ጥግ ከፍተው ሌቭሉን ይዘጉታል፤ ከዚያ ሶሎ ላይ ድምፁ ከባንዱ በታች ይሰምጣል።

ጥያቄ፦ እህቴ ከዋሽንግተን ፔዳል ከነአዳፕተሩ አመጣችልኝ። አዲስ አበባ ላይ እንደሰካሁት ሸተተና ሞተ። ፔዳሉም ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ የግድግዳው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ። አዳፕተሩ ላይ ከ«ኢንፑት» ቀጥሎ የተጻፈውን አንብብ። 100–240 የሚል ከሆነ የትም ይሠራል፣ የሚያስፈልገው የሶኬት መለወጫ ብቻ ነው። 120 ብቻ የሚል፣ በተለይም ከባድና ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው ከሆነ፣ የሸተተው እሱ ነው። ከመሞቱ በፊት ለአፍታ እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ወደ ፔዳሉ ልኮ ሊሆን ስለሚችል ፔዳሉ ሊተርፍም ላይተርፍም ይችላል። ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚቀበል ከሆነ አዲስ ባትሪ አስገባና ሞክረው።

ሌላ አዳፕተር ስትገዛ አራት ነገር ተመልከት።

ቮልቱ 9 ዲሲ ይሁን፤ ኤሲ የሚያወጡም አሉ፣ እነሱን ተው።

መሰኪያው ውጪው 5.5፣ ውስጡ 2.1 ሚሊሜትር ይሁን።

ሚሊአምፐሩ ፔዳሉ ከሚፈልገው አይነስ። ቢበልጥ ጉዳት የለውም፣ ፔዳሉ የሚበቃውን ብቻ ይስባል። ተራ ኦቨርድራይቭ ከ10 ሚሊአምፐር ብዙም አያልፍም፤ ዲጂታል ዲሌይና ሪቨርብ ከ50 እስከ 100 እና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ፤ መልቲ ኢፌክት ደግሞ 500 ሊል ይችላል።

አራተኛውና ብዙ ሰው የሚያልፈው ዋልታው ነው። አብዛኛው የጊታር ፔዳል መሃሉ ኔጌቲቭ፣ ውጪው ፖዘቲቭ ነው። ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጡት ባለ 9 ቮልት አዳፕተሮች በብዛት ተቃራኒዎቹ ናቸው፤ መሰኪያቸው ልክክ ብሎ ስለሚገባ ያሳስታሉ። ቴስተር ካለህ ቀዩን ጫፍ ወደ ቀዳዳው ውስጥ፣ ጥቁሩን ውጪው ላይ ንካ፤ ለፔዳል የሚሆነው −9 ያሳያል። አዙረህ ሰክተህ ከሞተብህም ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ። ብዙ ፔዳሎች መግቢያቸው ላይ እንዲህ ያለውን ስህተት ተቀብሎ የሚቃጠል መከላከያ ዳዮድ አላቸው፤ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው በርካሽ ይቀይረዋል።

አንድ አዳፕተር በባለብዙ ራስ ገመድ አምስት አናሎግ ፔዳል ያለችግር ያሠራል። መሃላቸው ዲጂታል ሲገባ ሲርር የሚል ቀጭን ጩኸት ከመጣ ዲጂታሉን ለብቻው አዳፕተር ስጠው። ለመብራት መጥፋት ከፓወር ባንክ 5 ቮልት ተቀብሎ 9 የሚያደርግ ገመድ አለ። ነገር ግን ብዙ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ትንሽ ከሆነ «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ አንድ ኦቨርድራይቭ ብቻ ሰክተህ ዘፈን መሃል ከጠፋብህ ምክንያቱ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ፔዳሌን ሁልጊዜ አጥፍቼ ነው የማስቀምጠው፤ ባትሪው ግን በሁለት ቀን ያልቃል። ለምን?

መልስ፦ በእግር የሚረገጠው ማብሪያ ኢፌክቱን እንጂ ባትሪውን አያጠፋም። ባትሪውን የሚያገናኘው ኢንፑት ጃኩ ነው። ገመዱን ከኢንፑት ንቀል።

ጥያቄ፦ ቸርች ውስጥ አምፕ የለንም፣ ፔዳሌን ቀጥታ ሚክሰር ላይ ነው የምሰካው። ዲስቶርሽን ስከፍት እንደ ንብ ይጮሃል፤ ሳጠፋው ደግሞ ጊታሩ ይደበዝዛል። ፔዳሉ ርካሽ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ውድ ብትገዛም ያው ነው። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

ንቡ የሚመጣው ከስፒከሩ ነው። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ኪሎሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ እምብዛም አያወጣም፤ ዲስቶርሽን የሚፈጥረውን ሻካራ ጫፍ ውጦ ያስቀራል። የአዳራሹ ስፒከር ግን ለዘፋኝ ድምፅና ለሲምባል የተሠራ ስለሆነ እስከ 20 ኪሎሄርዝ ድረስ ያለውን አንድ ሳያስቀር ያሰማል። መፍትሔው ከሰንሰለቱ መጨረሻ የካቢኔትን ሥራ የሚሠራ ዕቃ ማስገባት ነው። ከርካሾቹ ጆዮ አሜሪካን ሳውንድ ለዚህ ይሆናል፤ የፌንደር አምፕን ድምፅ ከነስፒከሩ የሚመስል ነው። መልቲ ኢፌክት ካለህ ካቢኔት የሚለውን ክፈት። ምንም ከሌለ ሚክሰሩ ላይ የቻናልህን «ሃይ» ሙሉ በሙሉ አውርድ፣ «ሚድ»ንም ትንሽ ቀንስ፤ ፍጹም ባይሆንም ንቡን ያረጋጋዋል።

ሲጠፋ የሚደበዝዘው በሌላ ምክንያት ነው። ፔዳልህ ትሩ ባይፓስ ከሆነ ሲጠፋ ጊታሩ በቀጥታ ከሚክሰሩ ጋር ይገናኛል። የሚክሰር ላይን ግቤት ብዙ ጊዜ 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፤ የጊታር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚያነሳው ማግኔት) ደግሞ 1 ሜጋ ኦም ገደማ የሆነ ግቤት ይፈልጋል፤ ያን ካላገኘ ይደበዝዛል። ሚክሰሩ ላይ «ሃይ ዚ» የሚል ቁልፍ ካለ እሱን ተጫን። ከሌለ ዲአይ ቦክስ (ጊታርን ከሚክሰር ጋር የሚያስማማ ሳጥን) ወይም ሲጠፋም በፈር የሆነ (የጊታሩን ደካማ ምልክት አጠንክሮ የሚያሳልፍ) ፔዳል መሃል አስገባ፤ ማንኛውም ተራ የቦስ ፔዳል ጠፍቶ እንኳ ይህን ሥራ ይሠራል። አሮጌ የቦስ መቃኛ በርካሽ ካገኘህ ሁለት ጥቅም ነው።

ጥያቄ፦ ዋ ዋ፣ ኦቨርድራይቭ፣ ዲሌይና ሪቨርብ አሉኝ። ቅደም ተከተላቸው?

መልስ፦ ልክ እንደጻፍከው። ዲሌይን ከኦቨርድራይቭ በፊት ካደረግህ ማሚቶዎቹ ተደራርበው አብረው ይቆረጡና ድምፁ ይታፈናል። በኋላ የድሮ ዓይነት ፈዝ ከጨመርክ ከማንኛውም በፈር ያለው ፔዳል በፊት፣ ጊታሩ አጠገብ አድርገው፤ ከመቃኛም ጭምር ይቅደም። በፈር ከቀደመው የጊታሩን ቮልዩም ስትቀንስ መጥራቱን ይተዋል።

ጥያቄ፦ ዲሌይ ስከፍት ለስለስ ያለ ዘፈን ላይ ያምራል፣ ችክችካ ላይ ግን ከከበሮው ጋር ይጋጫል።

መልስ፦ ችክችካ 6/8 ነው፤ እያንዳንዱ ዋና ምት ለሁለት ሳይሆን ለሦስት ይከፈላል። ከ4/4 የለመድከውን ግማሽ ምት እዚህ ስታመጣ ሦስቱ መሃል ይወድቃል፤ ግጭቱ እሱ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 60,000ን በደቂቃ ለሚመታው ዋና ምት አካፍል። ምቱ 120 ከሆነ 500 ሚሊሰከንድ ይመጣል። ለሦስት ሲካፈል 167 ነው፤ ሁለቱ ሦስተኛ 333። በ167 ማሚቶው ከእጅህ ተከትሎ ይሮጣል፣ በ333 ደግሞ ወደኋላ እየጎተተ ይወዛወዛል። የኛ ምርጫ 333 ነው። ግን ብዙ ርካሽ አናሎግ ዲሌዮች 300 አካባቢ ያበቃሉና ከመግዛትህ በፊት ከፍተኛውን ጊዜ ጠይቅ። «ታፕ» (ጊዜውን በእግር እየመቱ የሚያስገቡበት ቁልፍ) ያለው ብታገኝ ይሻላል። ማሚቶው ከሁለት ወይም ከሦስት አይብለጥ፣ ሚክሱም ከሩብ አይለፍ፤ ፈጣን ዘፈን ላይ ከዚያ በላይ ጭቃ ነው።

ጥያቄ፦ ክራር ተጫዋች ነኝ። ገበቴው ላይ ፒኤዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ቁራጭ) ተለጥፎልኛል፤ ሚክሰር ላይ ስሰካው ቀጭንና ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። የጊታር ፔዳል ይረዳኛል?

መልስ፦ ይረዳሻል፤ መጀመሪያ የሚረዳሽም ኢፌክቱ ሳይሆን ግቤቱ ነው። ፒኤዞ በኤሌክትሪክ ዓይን ትንሽ ካፓሲተር ነው። የተለመደው 27 ሚሊሜትር ክብ ፒኤዞ 20 ናኖፋራድ ገደማ አለው። 10 ኪሎ ኦም የሆነ የሚክሰር ግቤት ላይ ሲሰካ ከ800 ሄርዝ በታች ያለው ሁሉ እየመነመነ ይሄዳል፤ የክራርሽ ክሮች መሠረታዊ ድምፅ ደግሞ በአብዛኛው እዚያው ነው። ያው ፒኤዞ 1 ሜጋ ኦም ግቤት ያለው ፔዳል ሲያገኝ ድንበሩ ወደ 8 ሄርዝ ይወርዳል፣ ማለትም ሙሉው ይገባል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ባለ 7 ባንድ ኢኳላይዘር ፔዳል ብትገዢ እንመክራለን። ግቤቱ ቆርቆሮውን ያስቀራል፤ ማንሸራተቻዎቹ ደግሞ የቆዳውን ጩኸት ለመግደል ይሆናሉ። ድምፁን ቀስ እያልሽ ጨምሪ፣ ማፏጨት ሲጀምር ማንሸራተቻዎቹን አንድ በአንድ አውርጂ፤ የትኛው ላይ ፉጨቱ እንደሚቆም ታገኚዋለሽ። ከዚያ በኋላ ሪቨርብና ዲሌይ ከክራር ጋር በጣም ይስማማሉ። ኦቨርድራይቭ ግን በልክ፤ ፒኤዞ የጥፍርሽንና የገበቴውን ኳኳታ ሁሉ ስለሚሰማ እሱንም አብሮ ያጎላዋል። የጊታር ማግኔት ፒክአፕ ልግጠም ካልሽ ክሩ ብረት መሆን አለበት፤ በጅማትና በናይለን ላይ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ፔዳል ስገዛ ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ የራስህን ገመድና አዲስ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይዘህ ሂድ፤ የሻጩ ገመድ ጥፋቱን ሊሸፍን ወይም ሊያስመስል ይችላል። የባትሪውን ቤት ክፈት፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካየህ ባትሪ ፈስሶበታል፣ ሽቦው ተበልቷል። ማብሪያውን ደጋግመህ እርገጥ፤ አንዴም ቢሆን ከሳተ መቀየር አለበትና ዋጋውን አስቀንስ። ገመዱን ጃኩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አድርገው፤ ከተቆራረጠ ብየዳው ለቅቋል፣ ይህ ቀላል ጥገና ነው። ማዞሪያዎቹ ሲዞሩ ቢንኳኩ አትጨነቅ፤ በኮንታክት ክሊነር ይጸዳሉ።

የቆየ ቦስ ከሆነ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። «ፒኤስኤ» የሚለው የዛሬውን 9 ቮልት አዳፕተር ይቀበላል። «ኤሲኤ» የሚለው ግን ከፍ ያለ ቮልት ለሚሰጠው ለድሮው አዳፕተር የተሠራ ስለሆነ፣ ለብቻው በዛሬው አዳፕተር ስታበራው መብራቱ ይደክማል፣ ድምፁም ይሰንፋል። ሻጩ ተበላሽቷል ብሎ በርካሽ ሊሸጥልህ ይችላል፤ በባትሪ ሞክረህ በደንብ ከሠራ ግዛው።