መልስ፦ የመጀመሪያ ጥናቴን የትኛው ጉባኤ ላይ ላቅርብ?

ሰላም ወንድሜ። የአርኪኦሎጂ ማስተርስህን እየጨረስክ ስለሆነ፣ የሸክላ ስብርባሪ ጥናትህን የት ብታቀርብ እንደሚሻል ጠይቀሃል። እኔ ብሆን ከአፍሪካ አርኪኦሎጂ ተመራማሪዎች ማኅበር፣ ከሳፋ፣ እጀምራለሁ። ጉባኤው በየሁለት ዓመቱ ነው። ሸክላ ሲለኩና ሲመድቡ የኖሩ ሰዎች እዚያ ይመጣሉ፤ ጥያቄያቸው በጣም ይጠቅምሃል። የፓን አፍሪካ የአርኪኦሎጂ ጉባኤም ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ናይሮቢ ላይ በአርኪኦሎጂስቱ ሉዊስ ሊኪ አነሳሽነት ተጀመረ፣ በ1971 ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ተካሂዷል። የዓለም አርኪኦሎጂ ኮንግረስ ግን በጣም ሰፊ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም።

ዋናው ነገር አብስትራክቱ፣ ማለትም ለጉባኤው የምትልከው የጥናትህ አጭር መግለጫ፣ ነው። ብዙዎቻችን ግማሹን በአካባቢው ታሪክ እንሞላና ግኝቱን መጨረሻ ላይ እንወሽቀዋለን። አንተ እንዲህ አታድርግ። ስንት ስብርባሪ እንዳየህ፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ፣ ምን እንዳገኘህ ከላይ ጻፈው። ከዚያ አማካሪህ ያንብበው።

የጉዞ ድጋፍ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይዘጋል። የጉባኤው የጥናት ጥሪ እንደወጣ መጀመሪያ እሱን እይ። ለቪዛ የሚሆን የግብዣ ደብዳቤም ጥናትህ ተቀባይነት ባገኘበት ቀን ጠይቅ፣ አታሳድር።