“ናኖ” ተምሬ ማን ይቀጥረኛል? ላልሽኝ

እህቴ፣ ማስተርስሽን የሠራሽው በሚያበሩ የወርቅ ናኖክላስተሮች (እጅግ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች) ሲስቴይን የሚባለውን ሰልፈር ያለው አሚኖ አሲድ መለካት ላይ ነው፣ አባትሽ “ዶክተር ሳትባዪ ሥራ አትግቢ” ይላሉ፣ አንቺ ደግሞ ይሄን ሙያ የሚቀጥር የለም ብለሽ ፈርተሻል።

እውነት ነው፣ “የናኖክላስተር ባለሙያ እንፈልጋለን” የሚል ማስታወቂያ እኔም አይቼ አላውቅም። ግን የላክሽልኝን ሲቪ አየሁት፣ “ናኖ” የሚለው ቃል ገና መግቢያው ላይ አራቴ አለ፣ ቀጣሪው እዛው ነው የሚተወው። አንቺ እኮ አናሊቲካል ኬሚስት ነሽ፣ ናሙና ውስጥ ምን ስንት እንዳለ የምትለኪ! አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲንና የወርቅ ጨው ቀላቅለሽ 37 ዲግሪ ላይ አሳድረሽ ጠዋት 365 ናኖሜትር መብራት ስር ቀይ ሲያበራ ደስ ይላል፣ ገብቶኛል፣ ሥራ የሚያስገኝልሽ ግን ከዛ በኋላ የመጣው ጣጣ ነው። በሜርኩሪ ያጠፋሽውን ብርሃን ሲስቴይን ሜርኩሪውን ነጥቆ መልሶ ሲያበራው ውሃ ውስጥ ፏ ብሎ ሠራ፣ ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) ላይ ሲሆን ግን “ሪከቨሪው 71 ፐርሰንት ብቻ ስለሆነ ቴሲሴ ላይ በአንድ አንቀጽ አለፍኩት” ብለሽኛል፣ ማለትም ከጨመርሽው ሲስቴይን መልሰሽ ያገኘሽው 71 ፐርሰንቱን ብቻ ነው። ለምን ታልፊዋለሽ? ግሉታታዮንም ሆሞሲስቴይንም ሰልፈር አላቸው፣ የሴረሙ አልቡሚን ራሱ ነጻ ሰልፈር አለው፣ ሁሉም ሜርኩሪውን ይሻማሉ። ደም ውስጥ ያለው ሲስቴይን ደግሞ አብዛኛው ከፕሮቲን ጋር ተያይዞ ወይ ሁለት ሁለት ሆኖ ሲስቲን ሆኗል፣ መጀመሪያ ካልፈታሽው ሴንሰርሽ አያየውም። ይሄን ለማወቅ የለፋ ሰው የትኛውም ላብ ገብቶ “ይሄ ቁጥር ይታመናል ወይ?” ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ መድኃኒት ፋብሪካና የምግብ ምርመራ ላብ የሚከፍሉት ለዚህ ጥያቄ ነው።

እኔም ፒኤችዲ ጀምሬ ሁለት ዓመት ቆይቼ ትቼ ኳሊቲ ኮንትሮል ገባሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ኤችፒኤልሲ (ናሙና ውስጥ ያለውን ለያይቶ የሚለካ ማሽን) ፊት ቁጭ ብያለሁ፣ ምክሬ ወደዛ ቢያዘነብል አትገረሚ።

አባትሽን በተመለከተ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ማዕረጉን የሚፈልጉት እሳቸው ናቸው፣ ዓመታቱን የምትከፍይው ግን አንቺ ነሽ። ደመወዝ ያለው ፒኤችዲ ካገኘሽ ሂጂ፣ በቤተሰብ ብር ግን እንዳትጀምሪ።

ኮዲንግ ልማር ወይ ላልሽው፣ ካሊብሬሽን ከርቭሽን (የብርሃኑን መጠን ወደ ሲስቴይን መጠን የሚቀይረውን መስመር) በፓይተን መሥራት ከቻልሽ ለጊዜው ይበቃል።

ሲቪው ላይ “ናኖ”ን አንዴ ብቻ ተይው፣ ፍሎረሰንስና (በሚያበራው ብርሃን መለካት) ሜተድ ቫሊዴሽን (የመለኪያ ዘዴው እንደሚታመን ማረጋገጥ) ከላይ ይውጡ፣ የ71 ፐርሰንቷን ነገር ለኢንተርቪው አዘጋጅተሽ ያዣት፣ ከዛ መልሰሽ ላኪልኝና አየዋለሁ።